ሰው የሌለበት ባቡር

«የትልቁማ ብረት ብቻ ነው እኮ! ፎቶ የሚያነሳልኝስ ትንሹ ነው።»

ይህን ያለችው የገዛ እናቱ ናት። ያለችውም ለጎረቤቷ ነው፤ ሳሎን ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠው ሻይ ሲጠጡ። ትልቁ ልጇ በዚህ ጊዜ ከሳሎኑ መስኮት ሥር፣ ግቢው ውስጥ፣ የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ ሊጠግን ቁጢጥ ብሎ፣ በአንድ እጁ መፍቻ፣ በሌላው ያለቀ ላስቲክ ይዟል። ሰው ልጁን ሲያማ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ያም ባይሆን ልጁ ቧንቧ እየጠገነለት መሆኑን ያስታውሳል። እናቱ ግን ድምፅ መቀነስ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። ጎረቤቷም ብትሆን አላረፈችም፤ «እውነትሽን ነው፤ ይሄኛው ያናግራል! ያኛውን ሳየው እኔማ ሁልጊዜ ጋራዥ የገባሁ ነበር የሚመስለኝ» አለችና ሁለቱም ተንከተከቱ። ጋራዥ! መፍቻው ከእጁ አምልጦ ሲሚንቶው ላይ ተንኳኳ።

«ጨረስክ እንዴ የኔ ልጅ?» አለች እናቱ በመስኮቱ ብቅ ብላ፣ ምንም እንዳላለች ሁሉ።

«አልጨረስኩም» አለ።

እጄን ልታጠብ ብሎ ገባ፤ ውሃውን ራሱ እንደዘጋው እንኳ ረስቶ። ሁለት ሳምንት ሳይመጣ ቀርቶ ነበር፤ ጠዋት ሲደርስም በቀጥታ ወደ ቧንቧው ስለሄደ ሳሎኑን አላየውም። ሳሎኗ ጠባብ ናት፤ ሁለት ሶፋ፣ ዳንቴል የለበሰ ቴሌቪዥን፣ ከቴሌቪዥኑ በላይ አንድ ምስማር። የዚያ ምስማር ባለቤት እሱ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት በገዛ እጁ መትቶ፣ ራሱ የመረጠውን የእንጨት ፍሬም ሰቅሎበት፣ በፍሬሙ ውስጥ ደግሞ በዕድሜው ካነሳው ሁሉ የሚኮራበትን ፎቶ አድርጎበት ነበር፤ ማለዳ ከከተማው ዳር ወደ መሃል ሠራተኛ የሚያመላልሰውን አሮጌውን ቀይ ባቡር፣ ጣቢያ ሲገባ፣ ፀሐይ ግንባሩን መትታው፣ የመሳፈሪያው መድረክ ከዳር እስከ ዳር ባዶ ሆኖ። አሁን ፍሬሙ ያው ነው፤ መስታወቱም ያው ነው፤ ውስጡ ያለው ግን የእሱ አይደለም። ታናሽ ወንድሙ በስልክ ያነሳው ነው። ሟች አባታቸው በባቡር መስኮት ጉንጩን መስታወቱ ላይ አስደግፎ፣ አፉን ትንሽ ከፈት አድርጎ፣ ቀለም የነካው ቆቡን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ተኝቷል። የስልክ ፎቶ በግድ ሲጎላ እንደሚሆነው ሁሉ አሸዋ የበተኑበት መስሏል። ጠርዙ ጠማማ ነው፤ ከታች በኩል የአንሺው ጣት ሳይቀር ገብቶበታል። ይህን የመሰለ ነገር በሚሠራበት ፎቶ ስቱዲዮ ውስጥ ቢያይ «ሂድና ድገመው» ይል ነበር። ግን ዓይኑን ከግድግዳው መንቀል አቃተው፤ አባቱ ነዋ።

«የኔስ?» አለ።

«ያንተማ የት ይሄዳል? ከጀርባው አለ» አለች እናቱ ስኒዋን እያስቀመጠች። «የትንሹ ወረቀት ስስ ሆኖ እየተንሸራተተ ሲያስቸግረኝ ያንተን ደጋፊ አደረግኩለት። ወፍራም ነው ያንተ፤ ጥሩ አድርጎ ያዘው።»

ደጋፊ! እንግዲህ ሰው ስንት ዓመት ፀሐይ ሲያሳድድ ኖሮ በገዛ ፍሬሙ ውስጥ፣ በገዛ ምስማሩ ላይ፣ የታናሹ ደጋፊ ሲሆን ምን ይላል? «ላስቲክ ልግዛ» ብሎ ወጣ። እናቱም ወደ ጎረቤቷ ዞረች፤ ሁለቱም የበሩን መዘጋት ጠበቁ።

እዚህ ላይ ስለሰውየው ጥቂት ካልተነገረ ይፈረድበታል። ሰውየው ፎቶ አንሺ ነው፤ ያውም የጉርድ። መሃል ከተማ፣ ከአንድ ባንክ ጀርባ ባለች ጠባብ ስቱዲዮ፣ ሰውን ከነጭ መጋረጃ ፊት እያስቀመጠ «አገጭ ትንሽ ዝቅ፣ ትከሻ ቀና፣ አትሳቂ እህቴ፣ ለፓስፖርት ነው» ሲል ይውላል። የቸኮለ ፊት፣ ያኮረፈ ፊት፣ «እኔ እንደዚህ አልመስልም፣ ካሜራህ ነው» የሚል ፊት፤ ቀኑን ሙሉ ፊት ነው። ስለዚህ የዕረፍት ቀኑ ሲደርስ ሰው ማየት አያሰኘውም። ካሜራውን አንግቶ ወደ ሀዲዱ ይሄዳል። ባቡር አያኮርፍም፤ ባቡር «አወፈርከኝ» አይልም። ከሀዲዱ በላይ ባለው የእግረኛ ድልድይ ላይ ደግሞ እንደሱ ባቡር ማንሳት የለከፋቸው ጥቂት ሰዎች አሉ፤ አንድ የጥርስ ሐኪም፣ አንድ ጡረተኛ አስተማሪ፣ ባቡር ሲመጣ ከሁሉ ቀድሞ ስለሚያፏጭ ፊሽካ የሚሉት አንድ ዳቦ ጋጋሪ። ሕጋቸው አንድ ነው፤ ሰው የገባበት ፎቶ አይቆጠርም። ባቡሩ ሙሉ፣ ፊቱ የበራ፣ ምሰሶ ያላቋረጠው፣ በዙሪያውም የሰው ዘር የሌለበት መሆን አለበት። ሰው ከገባበት «ተበላ» ይሉታል፤ «ዛሬ ያነሳሁት ሁሉ ተበላብኝ» ይላሉ። የማለዳው ባቡር ጣቢያ ሲገባ መድረኩ በሠራተኛ ጢም ብሎ ስለሚሞላ፣ ያንን ሳይበላ ያነሳ ከእሱ በቀር አንድም የለም። «እንዴት አድርገህ ነው ባዶ ያገኘኸው?» ብለው ስንቴ ወጥረውታል። እሱም ፈገግ ብሎ «ትዕግሥት ነው» ይላቸዋል። ሌላ አይጨምርም።

ታናሹስ? ታናሹ ስልክ ጠጋኝ ነው። ፎቶ ማንሳት ሥራውም አይደለም፣ አምሮቱም አይደለም፤ ስልክ በእጁ ስላለ ብቻ የሚያነሳ ሰው ነው። እንዲህ ነው እንግዲህ ትንሹ ከተወለደ ጀምሮ። ትልቁ እየወደቀ የለመደውን ብስክሌት ትንሹ በአንድ ከሰዓት በኋላ ነዳው። ትልቁ እናቱን ለማሳቅ ሲያስብ ይውላል፤ ትንሹ ገና በሩን ሲከፍት ትስቃለች። አሁን ደግሞ ከአሮጌ ስልኩ ሆድ ውስጥ አንድ የተበላሸ ፎቶ ቆፍሮ አወጣና ግድግዳውን ወረሰ። ቅናት ነው ከተባለ፣ አዎ፣ ቅናት ነው፤ ሰውየው ራሱም አይክድም። ደረቱ ውስጥ አንድ ነገር እንደ ትኩስ ድንች ተቀምጦ ያቃጥለዋል። ከሁሉ የሚያቃጥለው ግን ግድግዳው አልነበረም። ሀዲዱን ተከትሎ እየተራመደ፣ የድንጋዩን አጥር በመዳፉ እየዳበሰ፣ ነገሩ ቀስ ብሎ ገባው፤ ትንሹ የአባታቸው ምስል አለው። እሱ የለውም። አባታቸው ቀለም ቀቢ ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ በዚያ የማለዳ ባቡር ወደ ከተማ እየገባ የሰው ቤት ሲቀባ ኖረ። ልጁ ያንኑ ባቡር፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ጣቢያ፣ ቁጥር እስኪያጣ ድረስ አንስቶታል። ከዚያ ሁሉ ፎቶ ውስጥ አባቱ ያለበት አንድም ትዝ አላለውም። ለቀብሩ ዕለት የተዘጋጀው ምስል እንኳ የመታወቂያው ጉርድ ነበር፤ አገጭ ዝቅ፣ ትከሻ ቀና።

ድልድዩ ላይ ፊሽካን ብቻውን አገኘው። ፊሽካ ሌሊት ዳቦ ሲጋግር አድሮ፣ ዱቄት የነካው ቅንድቡን ሳያራግፍ፣ ሌንሱን በሸሚዙ ጫፍ ይጠርጋል።

«ስማ፣ አባቴን ታስታውሰዋለህ?» አለው።

«ቀለም ቀቢውን? እንዴት አላስታውሰውም!»

«የማለዳውን ስታነሳ ምናልባት አንዱ ላይ ገብቶ ከሆነ ብዬ ነው። በመስኮትም ይሁን፣ ሲሳፈርም ይሁን።»

ፊሽካ ሳቀ፤ ክፋት አልነበረበትም። «ገብቶ ከሆነ? በየቀኑ ነበር እንጂ የሚገባብኝ! ያ መሰላል የተሸከመ ሽማግሌ በላብኝ እያልኩ ስንቴ ሰርዤዋለሁ መሰለህ። አባትህ መሆኑን እንኳ በኋላ ነው ያወቅኩት፤ አንተ ነህ የነገርከኝ።» ከዚያ የሰውየውን ፊት አየና ሌንሱን መጥረጉን ተወ። «ምነው፣ ይኖራል ብለህ ነው? ሕጋችንን እያወቅክ?»

ባቡር መጣ። ፊሽካ በልማዱ አፏጨና ካሜራውን ደቀነ። ሰውየው የራሱን ካሜራ ከትከሻው አላወረደም። ከሥሩ በቀዩ ፋንታ የመጣው አዲሱ ግራጫ ባቡር አለፈ፤ በየመስኮቱ ራስ፣ ክርን፣ ጋዜጣ፣ የተደገፈ ጉንጭ። ሕይወቱን ሙሉ የባቡርን ፊት እንጂ ጎኑን አይቶት አያውቅም ነበር።

ቤቱ ሲደርስ ባለቤቱ ልብስ ትተኩሳለች። ሰላም ሳይላት ላፕቶፑን ከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ተደፋ። ባለቤቱ ምላሷ ስለት ነው፤ ግን ቸኩላ አትናገርም። ሁለት ሸሚዝ ተኩሳ እስክታጥፍ ጠበቀችው። እሱ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ይከፍታል፤ ያጎላል፤ ከመስኮት ወደ መስኮት ይሄዳል፤ ይዘጋል። መስኮቶቹ ሁሉ ጥቁር ናቸው ወይም ሰማይ ያንጸባርቃሉ፤ ፀሐይ ግንባሩን እንድትመታው ብሎ ስንት ዓመት የመረጠው ሰዓት፣ ለካ ጎኑን በሙሉ የሚያሳውርበት ሰዓት ነው። አንዱ ላይ ቆብ የመሰለ ነገር አገኘ፤ ሲያጎላው የባቡሩ ቁጥር ሆነ። ሌላው ላይ ትከሻ አየ፤ የማስታወቂያ ሰሌዳ ነበር። ወንድሙ በሁለት ሰከንድ፣ ያውም ጣቱን ደቅኖ፣ ያገኘውን እሱ በዚህ ሁሉ ብረት ውስጥ ማጣቱ አንጀቱን አሳረረው።

«ምን ጠፍቶህ ነው?» አለች ባለቤቱ በመጨረሻ።

«አባዬ።»

ካውያውን ቀጥ አድርጋ አቆመችው። ነገሩ ሲገባት ፊቷ ለሰለሰ፤ ምላሷ ግን ልማዱን አልተወም። «እንግዲያውስ ስትፈልግ እኔንም ካገኘኸኝ ጥራኝ» አለች። «ከሠርጋችን ወዲህ የት እንደገባሁ እኔም አላውቅም።»

መልስ ሳትጠብቅ ሻይ አምጥታ ከክርኑ አጠገብ አስቀመጠችለትና ወደ ካውያዋ ተመለሰች። እሱ በመጨረሻ፣ ሌላ ሁሉ ሲያልቅበት፣ ያንን ፎቶ ከፈተው፤ የሚኮራበትን፣ ደጋፊ የሆነውን። እዚህ ሰው እንደሌለ ያውቃል፤ ዝናው ራሱ ሰው የሌለበት መሆኑ አይደል! የከፈተውም ሊፈልግበት አልነበረም፤ ሊጽናና ነው። ቀዩ ባቡር ሁልጊዜም እንዳማረበት ነው። መድረኩ እንደ ታጠበ ሳህን ባዶ ነው። ዓይኑ ከባቡሩ ግንባር ወደ መድረኩ፣ ከመድረኩ ወደ ግራ ጠርዝ ሄደ። እዚያ፣ ጫፉ ላይ፣ በአየር መሃል አንድ ነገር አለ። የዛፍ ቅጠል ነው ብሎ ነበር ሁልጊዜ፤ እንዲያውም ብሎም አያውቅም፤ አላየውም። አጎላው። ጣቶች ናቸው። የአራት ጣት ጫፍ፣ ፎቶው ከሚያልቅበት ጠርዝ ገባ ብሎ። በጥፍሮቹ ዙሪያ ነጭ ቀለም አለ።

«አገኘሁት!» ብሎ ሲነሳ ሻዩ ተደፋ።

ሁሉም ትዝ አለው። ያ ማለዳ፣ ቀዩ ባቡር ከሥራ ሊወጣ የመጨረሻው ሳምንት ነበር። እሱ ገና ሳይነጋ መድረኩ ጫፍ ላይ ካሜራውን ተክሏል። አባቱ ወደ ሥራ ሲሄድ መጣና ከፊቱ ተገተረ፤ «ዛሬስ ተሳካልህ?» አለው። ሰዉም አባቱን እየተከተለ ይግተለተላል። «አባዬ፣ ባክህ ከፍሬሜ ውጣልኝ! ሰውም አስከትለህ ትመጣብኛለህ!» ብሎ ጮኸበት፤ አዎ፣ ጮኾበታል። አባቱም «እሺ፣ እሺ፣ እኔ አለሁ» አለና ዞር አለ። ምን ማለቱ ነው ብሎ አልጠየቀም፤ ባቡሩ መጥቶ ነበር። ስቱዲዮው ውስጥ በትልቁ ሲያትመው አባቱ ግራው ጠርዝ ላይ ከነሰዉ ገብቶ አገኘው። ይኸው አበላሸው አለ። የገዛው ፍሬም ከፎቶው ጠበብ ያለ ስለነበር ደግሞ ነገሩ ተመቸው፤ ያንን ጠርዝ ሁለተኛ ሳያየው ወደ ኋላ አጠፈና ፍሬሙ ውስጥ ከተተው። ኮምፒውተሩ ላይ ያለውንም እዚያው ላይ ቆርጦ አስቀመጠው፤ ዋናው ጠፋ። ስለዚህ አባቱ ያለው እዚያ እናቱ ግድግዳ ላይ፣ ከትንሹ ፎቶ ጀርባ፣ በእጥፋቱ ውስጥ ነው። ያውም በስልክ የተነሳ አይደለም፤ በትልቅ ካሜራ፣ በማለዳ ብርሃን፣ የጥፍሩ ቀለም ሳይቀር የሚታይ! አሁን ይተያያሉ። አሁን ማን ፎቶ እንደሚያነሳ፣ ማን ደጋፊ እንደሚሆን ይታያል። ባለቤቱ የተደፋውን ሻይ ስትጠርግ እሱ ጫማውን ሳያስር ወጥቶ ነበር።

በባቡር ሄደ። ተሳፍሮ የማያውቅ አይደለም፤ ግን ሲሳፈር ሁልጊዜ ዓይኑ ቀጥሎ ከሚመጣው ባቡር ላይ ነው። ዛሬ የሚያስበው ስለሚናገረው ነገር ነበር። «እማዬ፣ እስኪ ይሄን እይው» ይላል። ወንድሙም ካለ ይስማ። ጎረቤቲቱም ብትኖር ደስ ይለዋል፤ ጋራዥ ያለችውን ነገር በዓይኗ ትየው። ከፊቱ የተቀመጠች ሴት ብቻውን ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ አይታ ቦርሳዋን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች።

ጎረቤቲቱ ሄዳለች። ትንሹ ግን አለ፤ ሶፋው ላይ ዳቦ በሻይ እየነከረ ይበላል። «ጋሼ!» ብሎ ብድግ አለለት፤ እንደ ሁልጊዜው። ትልቁ ሰላምታውን በአገጩ ተቀበለ።

«ላስቲኩስ?» አለች እናቱ።

«የምን ላስቲክ?»

«የቧንቧው ነዋ! ከጠዋት ጀምሮ ያለ ውሃ ነው ያለሁት።»

«ፍሬሜን ልወስድ ነው የመጣሁት» አለ።

ዳቦው ከትንሹ እጅ ላይ ተቆርሶ ሻዩ ውስጥ ወደቀ። እናቱ አንዴ አየችው፤ ከዚያ ዓይኗን ወደ መስኮቱ መለሰች። እሱ ወንበር ላይ ወጥቶ ፍሬሙን አወረደው፤ ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋው፤ በቢላ ጫፍ የጀርባውን ምስማሮች አንድ በአንድ አቃና። ክዳኑ ሲነሳ የትንሹ ስስ ፎቶ ሾልኮ ወለሉ ላይ ወደቀ። ትንሹ ጎንበስ ብሎ አነሳው፤ አቧራ ባይነካውም በሸሚዙ ደረት ጠረገው። የወንድሙ ዝምታ ትልቁን ደስ አሰኘው። ወፍራሙን ፎቶ አወጣና ወደ መብራቱ ያዘው።

«እዩ እንግዲህ!» አለ። «ብረት ብቻ ነው አይደል የተባለው? አባዬ በኔም ፎቶ አለ። ያውም ጥርት ብሎ፤ እንደ ስልክ አይደለም።» የታጠፈውን ጠርዝ ዘረጋው።

አባቱ አለ፤ ጥርት ብሎ። ባቡሩ ሊገባ ሲል፣ ከደረጃው በሚወጣው ሰውና በመድረኩ መሃል፣ ጀርባውን ለባቡሩ ሰጥቶ፣ ሁለት እጁን እንደ መስቀል ዘርግቶ ቆሟል። ቀለም የነካው ቱታ ለብሷል፤ መሰላሉ እግሩ ሥር ወድቋል። ከክንዶቹ ወዲያ ሰው ተከማችቷል፤ አንዲት ሴት ጣቷን እያወዛወዘች ትቆጣዋለች፣ ከረባት ያሰረ ሰውዬ ሰዓቱን ያሳየዋል፣ አንድ ጎረምሳ በብብቱ ሥር ሊሾልክ ጎንበስ ብሏል። አባቱ ዶሮ እንደሚያግድ ሰው እግሩን ከፈት አድርጎ ሁሉንም ይዟቸዋል። ፊቱን ግን ወደነሱ አላዞረም። በትከሻው ላይ ዞሮ ወደ ካሜራው፣ ወደ ልጁ ያያል። ቅንድቡን ሰቅሎ፣ እየሳቀ፣ «ጨረስክ?» የሚል ይመስላል። እጥፋቱ ያለፈው በቀኝ እጁ ላይ ነበር፤ ጣቶቹን ከዚህ ወገን፣ አባቱን ከዚያ ወገን አድርጎ።

ሰውየው ፎቶውን እንደያዘ ቀረ። የተዘጋጀበት ንግግር የት እንደገባ እንጃ። ትዕግሥት ነው ይል ነበር እኮ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ!

«አየኸው?» አለች እናቱ ከመስኮቱ ሳትዞር። «እኔ ባለፈው ሳምንት አቧራ ልጠርግ አውርጄ ስከፍተው ነው ያየሁት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? አባትህን አጥፈኸዋል ልበልህ?» አሁን ዞረች። ዓይኗ ቀልቷል፤ ድምፅዋ ግን ዝቅ ብሏል፤ ለካ ዝቅ ማድረግ ትችላለች። «ያን ቀን ባቡሩ አመለጠው። ሰዉ ሁሉ ጥሶት ሲሳፈር እሱ መሰላሉን ሲያነሳ ተዘጋበት። ማታ ሲገባ ይስቃል፤ አሠሪው ተቆጥቶት ይስቃል። ‹ዛሬ ልጄን አገዝኩት› አለኝ፤ እኔም ምኑን እንዳገዘህ አልጠየቅኩም። አንተ ይሄን ስትሰቅል ደግሞ ከጎኔ ቆሞ አየው። እዚህ ጠርዝ ላይ አየ፤ ቆየት ብሎ አየ። ‹የኔ ልጅ ንጹሕ አድርጎ ይሠራል› አለና ሊታጠብ ሄደ። እኔስ የት ገባሁ አላለም።»

ሰውየው ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ትንሹ ቀረብ ብሎ ከትከሻው በላይ ፎቶውን ማየት ጀመረ፤ ረጅም ጊዜ አየው። የራሱን ስስ ወረቀት በደረቱ እንዳቀፈ ነው።

«እኔ ስልክ ቤቱን ከከፈትኩ ወዲህ ስንት ቀን አብሬው ሄድኩ በዚያ ባቡር» አለ ቀስ ብሎ። «እንድናወራ እፈልግ ነበር። እሱ ገና ሲቀመጥ ይተኛል። ለኔ ሲደርስ ሁልጊዜ ደክሞታል። ያነሳሁትም ሌላ የማነሳው ስላልነበረኝ ነው።» ከዚያ አፉን ሊዘጋ ሲል አልተዘጋለትም። «ለኔ እንደዚህ ቆሞልኝ አያውቅም፣ ጋሼ።»

ይህን ድምፅ ሰውየው ያውቀዋል። ከጠዋት ጀምሮ በገዛ ደረቱ ሲሰማው የዋለ ድምፅ ነው። ትንሹ ቀናበት! ብስክሌቱን በአንድ ከሰዓት የነዳው፣ በሩን ሲከፍት እናቱ የምትስቅለት ትንሹ፣ በእሱ ቀና። መጀመሪያ ደስ አለው፤ እውነቱን ለመናገር በጣም ደስ አለው። ደስ ማለቱ ደግሞ ወዲያው አሳፈረውና ጆሮው ድረስ ጋለ። ወንድሙን አንድ ነገር ሊለው ፈለገ፤ በዚህ ቤት ግን ወንድማማቾች እንዲህ ያለውን ነገር አይባባሉም። በምትኩ እጁን ዘርግቶ «አምጣ» አለው። ስሱን ፎቶ ተቀበለና ፍሬሙ ውስጥ አስገባው። ወፍራሙ ከጀርባው ስለሌለ ወረቀቱ ወደ ታች ሸርተት አለ። ዳቦው የመጣበትን ካርቶን በቢላ ልክ አድርጎ ቆርጦ ከኋላው ደገፈለት፤ ምስማሮቹን አጠፈ፤ መልሶ ሰቀለው።

«ያንተስ?» አለ ትንሹ።

«ለኔኛው ሰፊ ፍሬም ይሠራለታል። ምስማሩን ግን አሁኑኑ ልምታው።»

እናቱ ፎቶውን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ የእጥፋቱን መስመር በአውራ ጣቷ ትዳብሰዋለች፤ ደጋግማ፣ ከላይ ወደ ታች። አልቃና አላት። ትልቁ ከቧንቧው ሥር የተወውን መፍቻ አምጥቶ፣ ወንበር ላይ ወጥቶ፣ ከትንሹ ፍሬም ጎን አንድ ምስማር መታ። ወርዶ ወደ ኋላ ራቅ ብሎ አየው። ምስማሩ ከትንሹ ምስማር ከፍ ብሏል፤ ብዙም አይደለም፣ አንድ ጣት ያህል። አምልጦት ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ያመለጠው አለመሆኑን ግን እሱ ያውቃል። ትንሹም አየ። አየና ዓይኑን ወደ ሻዩ መለሰ፤ የወደቀውን ዳቦ በማንኪያ ማውጣት ጀመረ።

ሰውየው ተመልሶ ወንበሩ ላይ ወጣ። ምስማሩን ነቀለው። ዝቅ አድርጎ፣ ከወንድሙ ምስማር እኩል፣ እንደገና መታው። ሲነቅለው ልስኑ አብሮ ተነሥቶ ስለነበር ግድግዳው ላይ የጥፍር ያህል ቀዳዳ ቀረ፤ ነጭ አቧራው የቴሌቪዥኑ ዳንቴል ላይ ፈሰሰ።

«ጉድ እኮ ነው፤ ግድግዳዬን ወንፊት አደረጋችሁት» አለች እናቱ። ከዚያ ቀዳዳውን ቀና ብላ አየች። «አባታችሁ ቢኖር ይሄን ሳይመሽ ይደፍንላችሁ ነበር።»

ትንሹ ተነሥቶ አቧራውን ከዳንቴሉ ላይ አራገፈ፤ ትልቁ መፍቻውን ይዞ ወደ ቧንቧው ወጣ።